ሽማግሌ ሕመም ይችላል ያለው ማነው?

ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋውያን ሆስፒታል ሲደርሱ ምን እንደሚጠብቃቸው በሕክምና ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እናት መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው፣ አባት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው፣ «ይሻላል» እየተባለ አንድ ሁለት ቀን ቤት ሰንብተው፣ አንዳንዴም ወጌሻ አይቷቸው ይመጣሉ። የተሰበረው እግር አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ካርድ ይወጣል፤ ራጅ ይታዘዛል፤ ዳይክሎፌናክ ወይም ትራማዶል ይወጋል፤ እግራቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ከአልጋው ግርጌ ክብደት ይንጠለጠላል። ከዚያ የኦፕራሲዮን ተራ ይጠበቃል። ተራው ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከሳምንት በኋላም። እስከዚያ ያለው ሕመም የማንም ሥራ አይደለም። «የተሰበረ አጥንት ያማል፣ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ይተዋል» በሚለው ላይ ከአስታማሚው እስከ ስፔሻሊስቱ ስምምነት አለ።

የምሠራው በሰመመን ሙያ ነው፤ ከዚህ ስምምነት ጋር ጠብ አለኝ። የያዙት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ አብዛኞቹ ከእኔ የሚሻል ልብ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን በራሱ በሕክምና ሚዛን ሲመዘን አይቆምም። ሕመሙ አእምሮን ያቃዣል፣ ሳንባን ያፍናል፣ ከአልጋ ያጣብቃል። ማስታገሻው ደግሞ በእጃችን አለ፤ ብሽሽት አጠገብ የሚሰጥ አንድ መርፌ ነው፤ እኛ በሥራ ቦታ በአጭሩ «ብሎክ» የምንለው። ከዳሌ አጥንት ሥር ካለው ጡንቻ ሽፋን በታች ማደንዘዣ ይፈስሳል፤ ከጭኑ ፊት ለፊትና ከዳሌው መጋጠሚያ የሕመም ስሜት ተሸክሞ የሚወጣውን ዋናውን ነርቭ ያደነዝዛል። ሰውየው ነቅቶ፣ ልጁን እያናገረ፣ እግሩ ብቻ ይተኛል።

ይህን ስናገር መጀመሪያ የምሰማው መልስ «እሳቸው እኮ ዝም ብለዋል፣ አላመማቸውም» የሚል ነው። የእኛ አረጋውያን ዝምታ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው። በሰው ፊት ማቃሰት ነውር ነው ተብለው ያደጉ፣ ምጥን ጥርሳቸውን ነክሰው ያሳለፉ እናቶች «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ካርዱ ላይም «ደህና ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። ደግሞም የሚጠየቁት ያለ ሰዓቱ ነው። ዳሌው የተሰበረ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ካልተንቀሳቀሰ ሕመሙ ጋብ ይላል። ፓምፐርስ ሲቀየር፣ አንሶላ ሲጎተት፣ ለራጅ ከስትሬቸር ወደ ጠረጴዛው ሲሸጋገሩ ነው ማየት። ያኔ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው የሚነክሱ እናቶች አይቻለሁ፤ ድምፅ ግን የለም።

አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ልጅ «ውሃ እምቢ አለችኝ፣ እስቲ ተቆጣልኝ» ብላ አማረረችልኝ። ጠጋ ብዬ ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከጠጣሁ ያነሡኛላ» አሉኝ። ሽንት በመጣ ቁጥር ሰው ወገባቸውን ከፍ አድርጎ ቤድፓን ሊያስገባ ነው፤ ያንን ላለማየት ጥሙን መርጠዋል። እንግዲህ ይታያችሁ፦ በዚያው ሰዓት ካርዳቸው ላይ ኩላሊትን የሚጫነው ዳይክሎፌናክ በቀን ሁለት ጊዜ ታዝዟል። ውሃ ያልጠጣ የሰማንያ ዓመት ኩላሊትና ዳይክሎፌናክ አንድ ላይ ምን እንደሚያመጡ የሕክምና ተማሪ እንኳ ይነግራችኋል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2011 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የዳሌ ስብራት መመሪያ የዚህ ወገን መድኃኒቶች እንዳይሰጡ የመከረው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚሳበው መርፌ እሱ ነው።

ስለ ዝምታ የሚናገር ጥናትም አለ። በ2000 ኒውዮርክ ውስጥ ሞሪሰንና ሲዩ የተባሉ ሐኪሞች ዳሌያቸው የተሰበረ ሁለት ዓይነት አረጋውያንን አነጻጸሩ፦ አእምሯቸው ደህና የሆኑትንና የመርሳት ሕመም የጸናባቸውን። ስብራቱ አንድ፣ ኦፕራሲዮኑ አንድ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ያገኙት ሞርፊን ግን ከሌሎቹ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ሕመሙ አንሶላቸው አይደለም፤ የጠየቀላቸው ስለሌለ ነው። ያ እንግዲህ መድኃኒት በሞላበት አገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። መደበቅ ቀርቶ መናገር ያቃተውንስ ምን ልንለው ነው?

ሁለተኛው መልስ የበለጠ የተማረ መልስ ነው። «ሽማግሌ ላይ የሕመም ማስታገሻ ማብዛት አእምሮ ያስታል፤ ቢያማቸው ይሻላል» ይላል። እውነት የሚመስለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው፤ ትራማዶልም ፔቲዲንም አረጋዊን እንደሚያቃዡ አይቻለሁ። ነገር ግን ሕመሙ ራሱ ከመድኃኒቱ የባሰ ያቃዣል። ሞሪሰንና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረ 541 ሕመምተኞችን ተከታትለው፣ በቀን ከ10 ሚሊግራም ያነሰ ሞርፊን ያገኙት የበለጠ ካገኙት ይልቅ ለመቃዠት በብዙ እጥፍ የተጋለጡ ሆነው አገኟቸው። አእምሯቸው ደህና ሆኖ ከገቡት መካከልም ክፉኛ ያመማቸው ለመቃዠት የነበራቸው ዕድል ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነበር። ሌሊት «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ ጉሉኮሱን የሚነቅሉት፣ የሞተ ወንድማቸውን የሚጣሩት፣ ቤተሰብ «ሆስፒታል ገብታ አበደች» ብሎ ጸበል ሊወስዳቸው የሚነሣው እናት፣ ምናልባት ያጡት ነገር ቢኖር በቂ ማስታገሻ ነው።

ብሎክ ይህን ቋጠሮ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። አእምሮን የሚያፈዝ መድኃኒት ሳያበዛ ሕመሙን ከምንጩ ይይዛል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተመራማሪዎች በ2020 ያደሱት ግምገማ 49 ጥናቶችንና 3061 ሕመምተኞችን ያቀፈ ነው። መርፌው ከተሰጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመም ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው መለኪያ ብሎክ ካላገኙት ይልቅ በ2.5 ገደማ ዝቅ ብሏል። ብሎክ ከተሰጣቸው ከየ12ቱ አንዱ መቃዠት ሲገባው ሳይቃዥ ቀርቷል። የሳንባ ምችም ሳይቀንስ አይቀርም፤ ግምቱ ከየ7ቱ አንዱ ይድናል የሚል ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላም 11 ሰዓት ያህል ቀድመው ከአልጋ ተነሥተዋል። ዕድሜ ያረዝማል የሚል ማስረጃ ግን ከዚያ አልወጣም፤ እኔም ያረዝማል አልልም። ሰው በሰላም እንዲተነፍስና አእምሮው ከእሱ ጋር እንዲቆይ ማድረግ የሞት ቁጥር ካልቀነሰ ዋጋ የለውም የሚል ካለ፣ ከእሱ ጋር የምከራከረው ስለ መርፌ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልምጣ። «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ እኛ ገና ነን» የሚለው አባባል ከሁሉ በላይ ያስቆጣኛል፤ ነገሩን ገልብጦ ስለያዘ። በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እንዳሰላው በዓመት በዓለም ላይ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ለንደን ያለ ሐኪም ብሎክ ባይሰጥ እንኳ ሞርፊን በእጁ አለ፤ ሕመምተኛውን በየጥቂት ደቂቃው የሚያይ ነርስ አለ፤ ኦፕራሲዮኑም ነገ ነው። እኛ ሞርፊኑ ሲገኝ ቁልፉ ያለው ሰው ይታጣል፤ አንዲት ነርስ አንድ ሙሉ ዋርድ ይዛ ታድራለች፤ ተራው ይረዝማል። ታዲያ አንዴ ተሰጥቶ ለብዙ ሰዓት የሚሠራ፣ ትንፋሽ የማይጫን፣ የተቆለፈ ቁም ሣጥን የማይፈልግ መድኃኒት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ድህነታችን ብሎክን ለመተው ምክንያት ተደርጎ ሲቀርብ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ዋናው የመስጫ ምክንያት እሱ ነው እላለሁ።

መድኃኒቱም እንግዳ አይደለም። ቡፒቫካይን ነው፤ በቀዶ ለሚወልዱ እናቶች ጀርባ ላይ በየቀኑ የምንወጋው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከቆየ ዘመን አለው። ለብሎክ የሚሆነው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ያለው ተራው ዓይነት ነው፤ ስኳር የተቀላቀለበት፣ ጀርባ ላይ ለሚሰጠው ማደንዘዣ፣ ለስፓይናል፣ የሚውለው ከባዱ አይሆንም። ይህን የሚያምታታ እንዳይኖር ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። አንዱ ብልቃጥ 0.5 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊግራም ይይዛል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም የሚለውን ልክ ብንይዝ፣ 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ ብልቃጥ የመጨረሻው ልክ ነው፤ በ20 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውሃ ሲቀጠን 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ብዙዎቹ አረጋውያን ከዚያም ይከሳሉ፤ ለ40 ኪሎ ሰው 80 ሚሊግራም ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። አጥንትና ቆዳ የሆነን ሰው በዓይን ገምቶ «ሃምሳ ይሆናሉ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

አሰጣጡን ላላየ ሰው ላሳይ። ከዳሌው ፊት ለፊት ጎልቶ የሚዳሰሰውን የአጥንት ጫፍ በአንድ ጣት፣ ከብልት በላይ ያለውን የአጥንት ጉብታ በሌላ ጣት ትይዛላችሁ። በሁለቱ መካከል መስመር ታሰምራላችሁ፤ ለሦስት ትከፍሉታላችሁ። የውጪው ሦስተኛ ከመካከለኛው የሚገናኝበትን ታገኙና ወደ ጭኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። ወደ ውስጥ በኩል የደም ሥሩን ምት በጣት ታዳምጣላችሁ፤ ከመርፌው ርቆ መገኘት አለበት። ቆዳው ይጸዳል፤ በትንሽ ሊዶካይን ይደነዝዛል። ጫፉ ደነዝ የሆነ መርፌ ቀጥ ተደርጎ ሲገፋ መጀመሪያ አንድ «ጠብ» ይሰማል፤ ትንሽ ሲገፋ ሌላ «ጠብ»። ሁለት ሽፋኖች አለፉ ማለት ነው። ወደ ኋላ ይሳባል፤ ደም ካልመጣ መድኃኒቱ ቀስ እየተባለ፣ በየ5 ሚሊ ሊትሩ እየተሳበ ይገባል። እጃችሁ ላይ ተቃውሞ ከተሰማችሁ ቦታው አይደለም። ከሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ የራጅ ሠራተኛው ስትሬቸሩን ይዞ ይምጣ። ያኔ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

«አልትራሳውንድ የለንም» ይሉኛል። ቢኖር ይሻላል፤ መድኃኒቱ የት እንደሚሄድ እያዩ መስጠት በጣት ከመስጠት ይበልጣል፣ ይህን የሚክድ ባለሙያ የለም። ነገር ግን ይህ ብሎክ የተወለደው ያለ አልትራሳውንድ ነው። ፈረንሳዊው ዳለንስና ባልደረቦቹ በ1989 በሕፃናት ላይ ሲገልጹት የነበራቸው ጣታቸውና ያ «ጠብ» የሚለው ስሜት ነበር። ኮፐንሃገን ውስጥ ፎስና ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ጥናትም እንዲሁ ነው፤ መርፌውን የሰጡት ገና ጀማሪ የሰመመን ሐኪሞች ነበሩ፣ ያለ ምስል፤ ያም ሆኖ ጡንቻ ላይ ከተወጋ ሞርፊን በለጠ። አልትራሳውንድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሆስፒታል፣ አልትራሳውንዱ ሲመጣ ደግሞ የማሕፀንና ጽንስ ክፍል ወስዶበት ሌላ እስኪገዛ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ።

ፍርሃቱንም ማቃለል አልፈልግም። ማደንዘዣ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ከልኩ ካለፈ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣል፣ ልብም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ኦክስጅን፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መከታተያ፣ ከተቻለም ለዚሁ ማርከሻ የሆነው 20 በመቶ የስብ ፈሳሽ አጠገብ መኖር አለበት፤ ሰጪውም ሲያንስ ግማሽ ሰዓት ሕመምተኛውን ትቶ መሄድ የለበትም። ጭኑም ለሰዓታት ስለሚዝል «ሕመሙ ጠፋልኝ» ብለው ሊነሡ እንዳይሞክሩ የአልጋው መከላከያ ይነሣ፣ አስታማሚውም ይነገረው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ይኼው መድኃኒት ነገ ጀርባቸው ላይ ሊወጋ ነው እኮ! የደም ግፊትን በደቂቃዎች የሚያወርደውን ስፓይናል ሳንፈራ ብሽሽት ላይ የሚሰጠውን መፍራታችን ስለ አደጋ ያለን ሚዛን ሳይሆን ስለ ልማድ ያለን ታማኝነት ነው የሚያሳየው።

ከአጥንት ሐኪሞች ደግሞ «ሕመሙን ካጠፋችሁት በጡንቻ ውስጥ የሚታፈን ግፊት ቢፈጠር እንዴት እናውቃለን?» የሚል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቦታውን ስቶ የመጣ ጥያቄ። ያ አደጋ በመኪና የተገጨ ወጣት፣ ቅልጥሙ የደቀቀ ሰው አደጋ ነው። ከቁመታቸው ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት የተሰበረ የሰማንያ ዓመት እናት ላይ እጅግ የማያጋጥም ነገር ነው። ለወጣቱ የተጻፈውን ጥንቃቄ ወስዶ አያቱ ላይ መጫን ጥንቃቄ አይባልም።

ስለ ክብደቱም አንድ ነገር ልበል፤ ፕላስተር ተለጥፎ ከአልጋ ግርጌ ስለሚንጠለጠለው። ዋርድ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሆነ ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ቤተሰብም «ታስሮላታል» ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን ከኦፕራሲዮን በፊት የሚደረገውን ጉተታ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ በ2011 ሕመም ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የአረጋዊ ቆዳ ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ፕላስተሩ ሲላቀቅ አብሮ የሚላጥበት ጊዜ አለ፤ ተረከዝ ላይ ቁስል ይወጣል። ማስረጃ የሌለውን በየአልጋው አንጠልጥለን ማስረጃ ያለውን «ገና ነን» ማለታችን ይገርመኛል።

«ይለቅቃል እኮ» የሚለው ተቃውሞ ግን የምር ነው። አንድ ብሎክ ሰዓታት እንጂ ሳምንት አይይዝም። ተራው በሚረዝምበት ቦታ አንድ መርፌ ሰጥቶ መሄድ ሥራውን ጨረስኩ አያሰኝም፤ በማግሥቱ መድገም ይቻላል፣ ፓራሲታሞል በሰዓቱ ሳይቋረጥ አብሮ መሰጠት አለበት፣ ቀጭን ቱቦ ማስቀመጥ የሚችሉ ቦታዎችም አሉ። ሙሉ በሙሉም አያደነዝዝም፤ የዳሌ መጋጠሚያ ከኋላ በኩል ሌላ ነርቭም አለው። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ራጁ የሚነሣበት፣ ከአልጋ አልጋ የሚዞሩበት፣ ልብስ የሚወልቅበት ሰዓታት ናቸው። ከሁሉ የከፋውን ቀን መሸፈን ቀላል ነገር አይደለም።

ኦፕራሲዮን ክፍል ላሉ ባልደረቦቼ ደግሞ በራሳቸው ጥቅም በኩል ልምጣባቸው። ስፓይናል ለመስጠት እኚያን እናት ማስቀመጥ ወይም በጎን ማስተኛት ግድ ነው። ሦስት ሰው ይዟቸው፣ አንዱ «ትንሽ ይቻሉት እማማ፣ አለቀ» እያለ፣ ጀርባቸው ተገትሮ፣ መርፌው አጥንት እየመታ የምናሳልፈውን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀድሞ ብሎክ ከተሰጣቸው ጀርባቸውን ማጎንበስ ይችላሉ፤ መርፌውም ቶሎ ይገባል። ለእሳቸው ካላዘንን ለራሳችን ሰዓት እንዘን።

ማን ይስጠው? ኢትዮጵያ ውስጥ ሰመመንን በአብዛኛው የተሸከሙት ሐኪም ያልሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ ጎንደርን፣ ጅማን፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን በዲግሪ የሚሠለጥኑ። ጀርባ ላይ መርፌ የሚያስገባ እጅ ይህን አይከብደውም። አውስትራሊያ ውስጥ ሠልጥነው የተፈተኑ የአምቡላንስ ባለሙያዎች በመንገድ ላይ ሰጥተውት በጥናት ታትሟል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚም በ2021 መመሪያው ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሰጥ ብሎክን በጠንካራ ደረጃ ይመክራል፤ ስለዚህም እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በነርስነት የምትሠራ ልጅ ስለ እናቷ ደውላ «ብሎክ ተሰጣት?» ስትል እዚህ ያለው ወንድሟ «ምን?» ይላታል። የሚጎድለን የእጅ ሙያ አይደለም። የሰመመን ባለሙያው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው፣ ሕመምተኛዋ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ናት፤ በሁለቱ መካከል የሚጠራራ የለም። ለአጥንት ሐኪሙ ሕመሙ የነርሷ ነው፣ ለነርሷ የትእዛዙ፤ ትእዛዙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ማሽን ወይም አዲስ በጀት አይደለም። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፣ የአጥንት ሐኪሙ በሚጠራበት በዚያው ስልክ ተረኛው የሰመመን ባለሙያም ይጠራ። ብልቃጡ፣ ደነዙ መርፌ፣ ጨዋማው ውሃ፣ መከታተያው በአንድ ሳጥን ተዘጋጅቶ ድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ። ሕመሙ ተኝተው ሳሉ ሳይሆን ሲገላበጡ ይለካ፤ ቁጥሩም ካርዱ ላይ ይስፈር። ብሎኩ የማይሰጥበት ምክንያት አይጠፋም፤ መርፌው የሚገባበት ቆዳ ቆስሎ ይሆናል፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ይኖራል፣ ራሳቸው ሕመምተኛዋ ተነግሯቸው እምቢ ይላሉ። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያቱ «ሕመም ይችላሉ» ከሆነም እሱው ይጻፍ፤ የጻፈው ሰው ከሥሩ ስሙንና ፊርማውን ያኑር።